ደጀን የሌለው ንግግር

«በበጀት ዓመቱ የደንበኞችን እርካታ ከማሳደግ አኳያ ሰፋፊ ሥራዎች የተሠሩበት ሁኔታ ነው ያለው። ሆኖም ግን አልፎ አልፎ ክፍተቶች የሚስተዋሉበት ሁኔታ ያለ ሲሆን፣ እነዚህን ክፍተቶች ከመድፈን አንጻር በቀጣይ አቅጣጫ የተቀመጠበት ሁኔታ አለ።»

ይህን ንግግር የት ነበር የሰማችሁት? ለማስታወስ አትድከሙ፤ ሁሉም ቦታ ነው የሰማችሁት። የአክሲዮን ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሰምታችሁታል። የቴሌቪዥን ዜና ላይ ሰምታችሁታል። የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ክፍያ የጨመረ ዕለትም የወላጆች ስብሰባ ላይ ሰምታችሁታል። ወደ አማርኛ ሲተረጎም እንዲህ ማለት ነው፦ «ደንበኞቻችን ተማረዋል። ምን እንደምናደርግ ገና አላወቅንም።» ስድስት ቃል ይበቃው ነበር።

በዚህ ዓይነቱ ንግግር መሳቅ ቀላል ነው፤ ስንስቅበትም ኖረናል። ግን እኮ አንድ ነገር ልብ አላልንም። አማርኛ አድራጊውን የማይደብቅ ቋንቋ ነው። «ዘገየን» ብላችሁ ስትናገሩ በአንዲት ቃል ውስጥ ድርጊቱም አለ፣ ጊዜውም አለ፣ ባለቤቱም አለ። «ወሰንኩ»፣ «አጠፋን»፣ «እንከፍላለን» ሲባልም እንደዚያው ነው። አንድ ሰው በአማርኛ ባለቤቱን መደበቅ ከፈለገ ብዙ መልፋት አለበት። መጀመሪያ «ዘገየን» የነበረውን «መዘግየት» ያደርገዋል። ቀጥሎ «የመዘግየት ሁኔታ» ይለዋል። በመጨረሻ «የመዘግየት ሁኔታ የታየበት አግባብ አለ» ብሎ ይገላገላል። አሁን መዘግየቱ ማንም ሳይጠራው የመጣ እንግዳ መሰለ ማለት ነው። ማን እንዳዘገየው ብትጠይቁ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የምትይዙት ሰው አታገኙም።

ስለዚህ የሥራ መሪዎቻችን የንግግር ችሎታ ያንሳቸዋል የሚለውን ወሬ እኔ አልቀበለውም። ይህንን ሁሉ ቃል ደርድሮ አንድም ሳይናገሩ መውረድ ራሱ ችሎታ ነው። ያንሳቸዋል የምለው ሌላ ነገር ነው። ደጀን ያንሳቸዋል። ደጀን በአማርኛ ከተሰለፈው ጦር ኋላ የሚቆም፣ የፊተኛው ሲጎዳ የሚደርስ፣ የፊተኛውም እሱን ተማምኖ የሚዋጋለት ኃይል ነው። ንግግርም ደጀን ያስፈልገዋል። ደጀኑ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ከንግግሩ ኋላ የቆመ እውነተኛ ሥራ፣ ሁለተኛው «ይህን ብለሃልና መልስ» ሲባል የማይሸሽ ሰው።

አሁን አሁን «የኮሙኒኬሽንና የፕሬዘንቴሽን ክህሎት ለዘመናዊ የቢዝነስ መሪዎች» የሚል ሥልጠና በየከተማው ሞልቷል። አዳራሽ ይከራያል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ይታደላል፣ ሻይ ቡና አለ፣ አበልም አይጠፋም። ሰልጣኙ እንዴት እንደሚቆም፣ እጁን የት እንደሚያደርግ፣ ተሰብሳቢውን በዓይኑ እንዴት እንደሚይዝ፣ የት ጋ ድምፁን እንደሚያነሳና የት ጋ ዝም እንደሚል ይማራል። እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ስቲቭ ጆብስ አይፎንን ያስተዋወቀበት ፊልምም ይታያል። ጥቁር ሹራብ፣ ረጋ ያለ እርምጃ፣ አጫጭር ዓረፍተ ነገር።

ይህ ሁሉ ክፉ አይደለም። አንገቱን ደፍቶ ከወረቀት ላይ አርባ ደቂቃ የሚያነብብ ሰው ቀና እንዲል ማስተማር ጽድቅ ነው። ግን ሰውየው እኮ ያኔ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አሳይቷል። ንግግሩ ያማረው ስልኩ ስለነበረ ነው። የእኛ ሰልጣኝ አረማመዱን ቀዳ፣ አነጋገሩን ቀዳ፣ ኪሱ ውስጥ ግን ስልክ የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ያየሁትን ላጫውታችሁ። የአባይን በረሃ ወርዶ ለወጣ መንገደኛ ደጀን ማረፊያው ናት፤ እኛም ምሳ ልንበላ ወረድን። ምሳ ከምንበላበት ሆቴል አጠገብ ባለው አዳራሽ ስብሰባ ነበርና በሩ ክፍት ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። ደጀንና ዙሪያዋ፣ በተለይ ወደ በረሃው የሚያወርደው ገደል፣ የኖራ ድንጋይ ያለበት አገር ነው፤ የኖራ ድንጋይ ደግሞ የሲሚንቶ እናት ነው። አንድ ድርጅት ከዚያ መሬት ላይ ድንጋይ ለማውጣት አስቦ ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር «ሊወያይ» መጥቷል። አቅራቢው ለጋ ሰው ነው። አቋሙ ያማረ፣ ድምፁ የጠራ፣ ሥልጠናውን በሚገባ የወሰደ። ግድግዳው ላይ ስላይዱ ይፈራረቃል፤ ጽሑፉ ከርዕሱ እስከ ግርጌው እንግሊዝኛ ነው። ገበሬዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቀስቱንና ክቡን በትዕግሥት ያያሉ።

መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ ደኅና አድርገህ ተናግረሃል፤ እግዜር ይስጥህ። እኔ አንዲት ነገር ልጠይቅህ። ዘንድሮ ልዝራ ወይስ ልተወው?»

«አባቴ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሡት» አለ ልጁ ፈገግ ብሎ። «ከዚህ አኳያ ከሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት እየተሠራ ያለበት ሁኔታ ነው ያለው።»

ሽማግሌው ትንሽ ቆሙ። «ይሁን» አሉ። «ዝናቡ ግን አቅጣጫ እስኪቀመጥ አይጠብቅም።» ተቀመጡም።

አዳራሹ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ መሬቱን ደጋግሞ አርሶ፣ አለስልሶ፣ ማዳበሪያ በውድ ገዝቶ ነው ለሐምሌ የሚደርሰው። ዘርቶ መሬቱ ቢወሰድ ዘሩም ማዳበሪያውም ጉልበቱም ቀለጠ። ሳይዘራ ቀርቶ መሬቱ ባይወሰድ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ጎተራው ባዶ ነው። የሽማግሌው ጥያቄ የአንድ ቤተሰብ የዓመት እንጀራ ነበረች። ልጁ መልሱን አያውቀው ይሆናል፤ ወሳኙ ሌላ ቦታ ነው። እንደዚያ ከሆነ የሚባለው አጭር ነበር፦ «አላውቅም አባቴ። እስከ ሰኔ ሚካኤል አጣርቼ ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ።» ይህቺን ለማለት ስላይድ አያስፈልግም፣ ሥልጠናም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በሰኔ ሚካኤል ተመልሶ መምጣት ነው። ችግሩም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ደግሞ ይህ የሆነው ጎጃም ላይ መሆኑ ይገርማል። ንግግር እንደ ሙያ የሚታረምበት አገር ቢፈለግ ከዚያ አካባቢ የሚቀድም አይገኝም። ከደጀን ብዙ ሳይርቅ፣ በቢቸና በኩል፣ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ የቅኔ አገር። የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። በሁለት ቤት ውስጥ ሰሙንም ወርቁንም አስገብቶ መጨረስ አለበት። ያንን ሲችል ነው ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው። ማለትም አጭር ተናግሮ ያላሳመነ ረጅም እንዲናገር አይፈቀድለትም። እኛ ሥራ አስኪያጆቻችንን የምናስጀምራቸው ከአርባ ስላይድ ነው።

ሌላም አለ። ተማሪው ቅኔውን ብቻውን ቆጥሮ ሲመጣ የሚነግረው መምህሩ ፊት ነው፤ ጓደኞቹም ይሰማሉ። ምሥጢር የሌለው እንደሆነ እዚያው ይነገረዋል። ቤት ያልመታ እንደሆነ እዚያው ይታረማል። ድምፁ ስላማረ አይታለፍለትም። «ጥሩ አቀራረብ ነበር» ተብሎ ተጨብጭቦለት፣ ሰርተፍኬት ይዞ የሚወጣበት ጉባኤ አይደለም።

ከቤተ ክህነቱ ወጥታችሁ ወደ አደባባዩ ብትሄዱ ደግሞ የሙግቱን ሥርዓት ታገኛላችሁ። በቀድሞው ሙግት ባለጉዳይ ዳኛው ፊት ቆሞ፣ ልብሱን እንደ ወጉ ለብሶ፣ ዘንጉን ይዞ፣ በምሳሌና በቤት አሳምሮ ይናገር ነበር። የሥርዓቱ ስም «በላ ልበልሃ» ነው። ስሙን ልብ በሉት፤ በል፣ እኔም ልበልህ። ሁለት ሰው አለበት። ተናጋሪው ከመጀመሪያው መልስ እንዳለበት አውቆ ነው አፉን የሚከፍተው። «ተጠየቅ» የሚባለው ቃልም ከዚያ ነው። ተጠየቅ ተብሎ ዝም ያለ፣ ወይም ስለ ሌላ ያወራ፣ ተረታ። ይባስ ብሎም ያለውን ነገር እርግጠኛ መሆኑን ለማሳየት ማር፣ በቅሎ፣ ፈረስ ይወራረድበት ነበር። ዛሬ ለተራ ጭቅጭቅ የምንጠራበት «እሰጥ አገባ» የሚለው ቃል ከዚሁ ውርርድ ጋር የተያያዘ ነው። እስቲ አስቡት፤ «ፋብሪካው በሁለት ዓመት ማምረት ይጀምራል» የሚል የቦርድ ሰብሳቢ መኪናውን አስይዞ ቢናገር ስንቱ ፋብሪካ ስንት ዓመት ይባል ነበር?

የድሮውን ሁሉ ማር አድርጌ ላቀርብላችሁ አይደለም። በዚያ ሙግት አንደበተ ርቱዑ ባለጸጋ አፍ የሌለውን ድሃ በአፉ ረትቶታል። ነገር ማሳመር እውነትን የሸፈነበት ጊዜ ብዙ ነው። ዘመናዊዎቹ ሕጎች በ1950ዎቹ ሲወጡ ሙግቱን ወደ ጽሑፍና ማስረጃ ያዞሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ግን እኛ ያደረግነውን እዩ። ከድሮው ሥርዓት ጥሩውን፣ መጠየቁን፣ ጣልነው። መጥፎውን፣ አሳምሮ መሸፈኑን፣ በፕሮጀክተር አስጊጠን አስቀረነው።

ስለ ፕሮጀክተሩም ትንሽ እንነጋገር። ፓወር ፖይንት እ.ኤ.አ. በ1987 ገበያ ላይ የወጣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ማይክሮሶፍት የገዛውም በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የዓለም ስብሰባ ሁሉ በነጥብ በነጥብ ሆነ። ነጥቡ ግን የሚደብቀው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ስትነሣ ከነዳጅ ታንኳ ላይ የተገነጠለ ስፖንጅ መሰል ቁራጭ ግራ ክንፏን መታት። መንኮራኩሯ ገና ጠፈር ላይ እያለች መሐንዲሶች «ያሰጋል ወይስ አያሰጋም?» የሚለውን መርምረው በስላይድ አቀረቡ። ከስላይዶቹ በአንደኛው ላይ ርዕሱ የሚያጽናና ነበር። ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከነጥብ ሥር ባለ ነጥብ ውስጥ ደግሞ ዋናው ነገር ተቀምጧል፤ ክንፏን የመታው ቁራጭ ከዚያ በፊት ሙከራ ከተደረገባቸው ቁርጥራጮች ከ600 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ይህ ርዕስ መሆን የነበረበት ግርጌ ሆነ። ስብሰባው አለቀ፣ አለቆቹ ተረጋጉ። በየካቲት 1 መንኮራኩሯ ወደ ምድር ስትመለስ ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች አለቁ። አደጋውን ያጣራው ቦርድ በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት ይህንን የስላይድ አቀራረብ ነጥሎ ወቅሷል። የአማዞን ኩባንያ አለቃ ጄፍ ቤዞስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ከከፍተኛ መሪዎቹ ስብሰባ ፓወር ፖይንትን አስወገደ፤ በምትኩ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያለው ጽሑፍ እየተጻፈ ተሰብሳቢው በጸጥታ አንብቦ እንዲወያይ አደረገ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ባለቤት አለው፤ ነጥብ የለውም።

«እሱ የፈረንጅ ነው፣ የእኛን ንገረን» ካላችሁ የእኛው አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ ከቢሾፍቱ ወዲያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። በዚያው ዕለት አየር መንገዱ አንድ ፎቶግራፍ አወጣ። የያኔው ዋና ሥራ አስፈጻሚ አቶ ተወልደ ገብረ ማርያም በሙሉ ልብሳቸው በተቆፈረው አፈርና በስብርባሪው መካከል ቆመዋል። መድረክ የለም፣ ስላይድ የለም። እዚያው ቀን ጋዜጠኞች ፊት ቀርበው የሚታወቀውን ተናገሩ፤ ያልታወቀውን አልታወቀም አሉ። በመጋቢት 26 የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ወይዘሮ ዳግማዊት ሞገስ የመጀመሪያውን የምርመራ ውጤት ሲያቀርቡ፣ አብራሪዎቹ ከአምራቹ የተሰጣቸውን መመሪያ መከተላቸውን በማያሻማ ቋንቋ ተናገሩ። የመጨረሻው ሪፖርት በ2015 ዓ.ም. ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የአብራሪዎቹ ድርሻ በሚገባ አልታየም ብለው ተከራክረዋል። ይከራከሩ። ባለቤትና ማስረጃ ያለው ንግግር ነው ክርክር የሚችለው። ከ«ሁኔታ» ጋር ማን ይከራከራል?

በዚያው ሰሞን ባሕር ማዶ፣ አውሮፕላኑን የሠራው የቦይንግ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴኒስ ሙይለንበርግ ነበሩ። በዓለም ካሉ ታላላቅ ኩባንያዎች የአንዱ አለቃ ናቸው። ለንግግር የሚያዘጋጃቸውና የሚጽፍላቸው ሰው አያጡም። ግን አምስት ወር ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ላይ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰው አልቆ ነበርና የሚጠብቃቸው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ታውቁ ነበር ወይ?» እሳቸው ስለ ደኅንነት ባህላቸውና ስለ እሴቶቻቸው ተናገሩ። በሚያዝያ በተደረገው የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ጥቂት የጋዜጠኞች ጥያቄ መልሰው ሌላው ከኋላቸው እየተጠራ ወጡ። በጥቅምት የአሜሪካ ሴናት ፊት ሲቀርቡ የሟቾች ቤተሰቦች የልጆቻቸውን ፎቶ ይዘው ከጀርባቸው ተቀምጠዋል። ስብሰባው አብቅቶ ሲወጡ አንዲት ልጇን በዚህ አውሮፕላን ያጣች እናት፣ ይቅርታ ሲጠይቁ ዞረው ሰዎቹን እንዲያዩ ነገረቻቸው። ዞሩ፤ ይቅርታም ጠየቁ። በታኅሣሥ ወር ኩባንያው አሰናበታቸው።

ያቺ እናት የተናገረችው እኮ የእኛው «ተጠየቅ» ነው። ዞረህ እየኝና ንገረኝ። የኮሙኒኬሽን ሥልጠናው «ተሰብሳቢውን በዓይንህ ያዝ» ይላል፤ ዓይን መያዝ ማለት ግን የበደሉትን ሰው ዓይን መቻል ነው። ይህ በሦስት ቀን ወርክሾፕ አይገኝም።

«ታዲያ እኛን ምን አገባን? የአለቆች ጉዳይ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። በፊት እንደዚያ ሊባል ይችል ነበር። አሁን ግን የነጋዴውና የኩባንያው ንግግር በየቤታችን ገብቷል። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አሥር በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር ነበር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። የሚገዛውም በስልክ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ደጀን ላይ ያለ አስተማሪ ቆጥቦ ያስቀመጣትን ዘጠኝ ሺ ዘጠኝ መቶ ብር ለማያውቀው ሰው በስልኩ የሚሰጥበት ዘመን ነው። በእጁ ያለው መተማመኛ የድርጅቱ መሪዎች የተናገሩትና የጻፉት ቃል ብቻ ነው። ያ ቃል «የትርፍ ዕድገት የሚታይበት ሁኔታ አለ» ከሆነ አስተማሪው የገዛው ሁኔታ ነው።

ሕጉ አልጎደለም። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ባለአክሲዮንን ከእንግድነት አውጥቶ ባለቤት ነው ይለዋል፤ ጉባኤውም የእሱ ነው። በተግባር ግን ጉባኤውን ታውቁታላችሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት የተጠራው አራት ሰዓት ተኩል ይጀመራል። የክብር እንግዶች ስም ሲጠራ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ሪፖርቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይነበባል፤ ታትሞ በእጃችሁ ያለው ማለት ነው። ከዚያ «ከሰዓት አንጻር ሦስት ጥያቄ ብቻ እንቀበላለን» ይባላል። ሦስቱ ተሰብስበው በአንድ ላይ ይመለሳሉ፤ በአንድ ላይ ሲመለሱም ከባዱ በቀላሉ መካከል ሾልኮ ይቀራል። ቀጥሎ ምሳ ነው። በላ ልበልሃው በበላ ተፈጸመ ማለት ነው።

የቋንቋውም ነገር አለ። አክሲዮኑ ሲሸጥ ማስታወቂያው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ይነገራል፤ ዘፈንም አለው። ሒሳቡ ሲቀርብ ስላይዱ እንግሊዝኛ ይሆናል። ገንዘቡን በአፍ መፍቻችን ለምናችሁን፣ ሒሳቡን በሰው አገር ቋንቋ ትነግሩናላችሁ። እንግሊዝኛ ኃጢአት ነው አላልኩም፤ የውጭ አበዳሪ ካለ በእንግሊዝኛ ይነገረው። ግን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ ፈረንሳይኛ የሚችሉ ሰው ነበሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊረብሹ የሞከሩበት ያ ንግግር ግን በአማርኛ ነው የተደረገው። የሚናገሩት ስለ ማን እንደሆነ አልረሱም ነበር። ሰባራ እንግሊዝኛውን ስላይድ ላይ ለጥፎ ለደጀን ገበሬ የሚያነብለት ሰው ግን ስለ ማን እንደሚናገር ረስቷል፤ ወይም የሚናገረው ለገበሬው አይደለም። የሚናገረው ኋላ ለተቀመጡት አለቆቹ ነው። ጠቅላላው በሽታ ያለው እዚህ ይመስለኛል። ሥራ አስኪያጆቻችን ፊታቸውን ወደ ሕዝብ፣ ጆሯቸውን ወደ ላይ አድርገው ነው የሚናገሩት። «ዘገየን» ያለ ሰው ነገ ይገመገማል፤ «የመዘግየት ሁኔታ ታይቷል» ያለ አይገመገምም። ግልጽ ንግግር የሚያስቀጣ፣ ድፍን ንግግር የሚያሾም ከሆነ የትኛው አሠልጣኝ ነው ይህንን የሚያርመው?

ስለዚህ ለአሠልጣኞቹም ለሰልጣኞቹም ጥቂት ምክር አለኝ፤ አበል አልጠይቅም። መጀመሪያ፣ ሰዎቹ ሊሰሙት የመጡትን ነገር በመጀመሪያው ደቂቃ ተናገሩ፤ ከጉባኤ ቃና ጀምሩ። ሁለተኛ፣ «ሁኔታ»፣ «አኳያ» እና «አንጻር» የሚባሉትን ሦስት ቃላት ለአንድ ዓመት ፈቃድ አስወጧቸውና ግሱን ከነባለቤቱ መልሱት። ሦስተኛ፣ ከተሰጣችሁ ሰዓት ግማሹን ለጥያቄ ተዉ፤ ጥያቄውንም አንድ በአንድ መልሱ። አራተኛ፣ የማታውቁትን «አላውቅም» በሉና ቀን ቁረጡ፤ በቀኑም ተገኙ። የቦርድ አባሎችና ባለቤቶች ደግሞ «ዘገየን፣ ምክንያቱም ይሄ ነው» ብሎ የሚመጣውን ሥራ አስኪያጅ ከማባረራችሁ በፊት «ሁኔታው መልካም ነው» ብሎ የሚመጣውን መርምሩት። እሱ ነው የሚያከስራችሁ።

እኛም ተሰብሳቢዎቹ ከወቀሳው አናመልጥም። ደጀን ላይ አዳራሹ ሳቀ እንጂ «የሽማግሌው ጥያቄ ይመለስ» ብሎ የተነሣ አልነበረም። በቀድሞው ሙግት ዳር ቆሞ የሚሰማውም ሰው አላፊ አግዳሚው ሳይቀር ፍርድ ይሰጥ ነበር። እኛ አጨብጭበን ለምሳ እንወርዳለን።

አባቶች ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ደጀን የተቀመጠችው እውነተኛ አፋፍ ላይ ነው፤ ከሥሯ የአባይ ገደል ነው። እዚያ ቆሞ የሚናገር ሰው ቃሉ ወዴት እንደሚወርድ ቁልቁል ማየት ይችላል። የወጣው ቃል ተመልሶ አይገባም። መሬት ይወስዳል፣ ቁጠባ ይወስዳል፣ አንዳንዴም ነፍስ ይወስዳል። ስለዚህ ጌቶቼ፣ ከመናገራችሁ በፊት ዞር ብላችሁ ከኋላችሁ ማን እንደቆመ እዩ። ሥራችሁ ከቆመ ተናገሩ፤ ስላይዱ ባያምርም እንሰማችኋለን። ማንም ከሌለ ግን ማይኩን ለሽማግሌው ስጡት።